በሰያፍ የማይቀብረው ሰውዬ

ቴሌቪዥን ሰቃዩ መሰርሰሪያውን ከማንሳቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና፣ "እትዬ፣ ቤቱ ውስጥ ልጅ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ናት" አለችው የቤቱ ባለቤት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። የሸሚዙ ኮሌታ ነትቧል፤ ወለሏን እንዳያቆሽሽ ግን ጫማውን በፌስታል ጠቅልሏል።

እሷ የፈለገችው ሽቦው ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ አንድም እንዳይታይ ነው። ቀኑ ሲጋመስ ትዕግሥቷ አለቀ። "ወንድሜ፣ ከሶኬቱ በሰያፍ ብትወስደው አይቀልህም? ወይስ እዚሁ ልታድር ነው?"

"በሰያፍ አልቀብርም" አለ ሳይዞር። "ሽቦ ወይ ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ወይ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ነገ ሚስማር የሚመታ ሰው የት እንዳለ መገመት አለበት።"

ረዥሙን የድምፅ ማጉያ ከቴሌቪዥኑ ሥር አሰረ። ግድግዳውን ለስኖ ሲጨርስ ሽቦ የሚባል ነገር ያለፈበት አይመስልም። ከዚያ የሽቦውን መንገድ ወረቀት ላይ ስሎ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ለጠፈው።

"ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?" ልትለው አፏን ስትከፍት፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ከውስጥ የተለጠፈ የልጅ ሥዕል ዓይኗ ገባ፤ ቢጫ ቤት፣ ከቤቱ የሚበልጥ አበባ።

"ልጅህ ናት የሳለችው? ጎበዝ ናት እኮ!"

"የቤታችንን ሽቦ ቸኩዬ በሰያፍ የቀበርኩት እኔው ነኝ" አለ፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ እየዘጋ። "እሷ ይሄን ልስቀል ብላ ሚስማር መታች።"