የቁም ሳጥኑ ጀርባ

ወይዘሮ በለጠች የሰው ቤት ሲገቡ አፍንጫቸው ቀድሟቸው ይገባል ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጡረታው ግን አላሳረፋቸውም። ከጉና የሚወርደው ጉም ሰኔ ላይ ከገባ ቶሎ አይለቅምና፣ ልብሱ የሻገተበት ፍራሹ የረጠበበት ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። እሳቸውም መጠራቱን ይወዱታል።

ባለፈው ነሐሴ፣ በቡሄ ማግስት የጠራቻቸው ሠናይት ነበረች። ሠናይት መምህርት ናት፤ ደረጄን አግብታ በኪራይ የጭቃ ቤት መኖር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። የደረጄ እናት ወይዘሮ ትእዛዝ ለበዓሉ ከገሳይ መጥተው ነበር። ብርድ እንዳይመታቸው ብላ ከቁም ሳጥኑ ጋቢ ብታወጣላቸው፣ ጋቢው አረንጓዴ ጠቃጠቆ ለብሶ እምክ እምክ እያለ ወጣ። ይኼው ጋቢ ወይዘሮ ትእዛዝ በእጃቸው ፈትለው ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩት ነው።

አማቲቱ አልተቆጡም። ጋቢውን አገላብጠው አዩና፣ "ይሁን እንግዲህ" ብለው አልጋው ራስጌ አኖሩት።

ሠናይት በጠዋት ወይዘሮ በለጠች ቤት ስትደርስ ዓይኗ አብጦ ነበር።

"እትዬ፣ ልብሱን በየሳምንቱ ነው የማጥበው። አሁን ግን አማቴ ፊት ዝርክርክ ሆኜ ቀረሁ።"

"እስኪ መጀመሪያ ልየው" አሏትና ጓንታቸውንና ማስካቸውን ይዘው ተነሡ።

ሲደርሱ ወይዘሮ ትእዛዝ ጋቢውን አልጋው ላይ ዘርግተው በቡርሽ ይጠርጋሉ፤ እያሳላቸውም ነበር።

"ኧረ እመቤቴ ይተዉት!" አሉ ወይዘሮ በለጠች። "ሻጋታ ቤት ውስጥ አይራገፍም። ብናኙ ደረትዎ ይገባል። አስም አለብዎ እንዴ?"

"ብርድ ሲሆን ያፍነኛል።"

"እንግዲያስ አንቱ ደጅ ይቀመጡ። ይህ የእኛ ሥራ ነው።"

መስኮቱን ከፈቱ፤ ለሠናይትና ለደረጄም ማስክ ሰጡ። ልብሱን ሳያራግፉ በማዳበሪያ ከረጢት ከተው፣ አፉን አስረው ወደ ግቢ አወጡት። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ተጋግዘው ሳቡት። ጀርባው ጠቁሯል፤ ግድግዳውም ከታች እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ ሻግቷል። ወይዘሮ በለጠች በውጭ በኩል ዞረው ቢያዩ አሸንዳው ተሰብሮ የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያው ግድግዳ ላይ ይፈሳል።

"ይምጡ፣ ይንኩት" ብለው ወይዘሮ ትእዛዝን ጠሩ። "ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ ነው። ልጅቱ በየቀኑ ብታጥብም አይቀርላትም ነበር።"

ወይዘሮ ትእዛዝ እርጥቡን ጭቃ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ቁም ሳጥኑን ግድግዳው ላይ አጣብቁት ያልኩ እኮ እኔ ነኝ! አይጥ እንዳይገባበት ብዬ።" ወደ ሠናይት ዞሩ። "አንቺን በልቤ አማሁሽ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

ሠናይት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ደረጄ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ተረቱ አይሠራም። ፀሐዩ እስከ ስድስት ሰዓት ይቆይና ዝናቡ ይመጣል። ስለዚህ ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ልብሱን ግቢ ውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡት። ደረጄ በረኪናና አቼቶ ገዝቶ መጥቶ፣ "እንዲበረታ ልቀላቅላቸው?" አለ።

"እንዳታደርገው! ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ አድርጋ ተሸክመን ነው ያወጣናት። ለዚህ ሳሙና ይበቃል።"

የቁም ሳጥኑን እንጨት በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠርገው በደረቅ ጨርቅ ወለወሉና ፀሐይ ላይ አቆሙት። ግድግዳው ጥግ የነበረው የስፖንጅ ፍራሽ ግን አልተረፈም። ደረጄ ሳሳለት።

"ብናሰጣውስ?"

"ላዩ ይደርቃል፤ ሆዱ ግን አይታጠብም። ሻጋታ ላይ ተኝታችሁ ልትከርሙ ነው?"

በላስቲክ ጠቅልለው ጣሉት። ደረጄም መሰላል ተውሶ አሸንዳውን ጠገነ።

ጋቢው ከሁሉ አስቸገረ። በመጀመሪያው ቀን ከደረቀ በኋላ ወይዘሮ በለጠች አሸተቱትና ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ዘፈዘፉት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ወይዘሮዎች ከስጡ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ደመናውን ይጠብቁ ነበር። ስለ ልጅ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። ወይዘሮ በለጠች የጋቢውን ጥለትና እጥፋት አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"ደርቋል። ጠቃጠቆው ጥቂት ቀርቷል፤ ሽታው ግን የለም።"

"ጠቃጠቆውስ ይኑር" አሉ ወይዘሮ ትእዛዝ። "እኔም ፊቴ ላይ አለብኝ።"

ቁም ሳጥኑ ተመልሶ የገባው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ መስከረም ላይ ነው። ሠናይት በስንዝሯ ለክታ ከግድግዳው አርቃ አቆመችው። ወይዘሮ በለጠች በዚያ ሰሞን ከገበያ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆም ብለው አሸተቱ፤ የተቀቀለ ባቄላ ሸተታቸው። ሠናይት እንዲገቡ ለመነቻቸው። ሌላ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው ነበር፤ ቢሆንም ገብተው ባቄላውን በሉ።