የይርገዱ በቅሎ

ይርገዱን የገደላት ካንሰር ነው ይላሉ። ካንሰሩ ብቻውን አልገደላትም!

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ መካነ ሰላም ከእርዳታ ጋር የመጣ ሐኪም መረመራት። የወር አበባዋ ሳይደርስ፣ ከባሏ ከቸኮል ጋር ከተኛች በኋላም ደም ይፈሳት ነበር። «የማህፀንሽ በር ላይ ያለው ሥጋ መበላሸት ጀምሯል። ገና ካንሰር የሆነ አይመስለኝም። ደሴ ሄደሽ ይቆረጥልሽ፤ ትድኛለሽ» አላት። ለቸኮልም ነገረው።

የምትደማ ሴት ያን መንገድ በእግሯ አትችለውም። ግን በቅሎ ነበራት፤ ከአባቷ ቤት ያመጣቻት፣ በረሃቡ ከጎጆዋ ክዳን ሣር እየመዘዘች ያተረፈቻት በቅሎ።

«አዝመራው ይግባ እንጂ እስከ አቀስታ በበቅሎሽ አደርስሻለሁ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ነው» አለ ቸኮል። አመነችው። ምን ታድርግ፣ ባሏ ነው።

እስከዚያው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ አስቀደሰች፤ ደም ያለባት ሴት አትገባም። ወሩ በወር ላይ ሲደራረብ ሴቶቹ «ምን ብትሠራ ነው የተረገመችው?» ማለት ጀመሩ። ቸኮል ሐኪሙ ያለውን እያወቀ ዝም! ዝምታው ጠቅሞታላ።

አዝመራው ገባ። አንድ ማለዳ ቸኮል በቅሎዋን ጫናት። ይርገዱ ስንቋን ቋጥራ ወጣች።

«ለደሴ መንገድ ነው እንዴ ጌጠኛውን ግላስ ያለበስካት?»

«ወደ ከላላ ነው የምሄድ።»

«ከላላ ሐኪም አለ?»

«ሙሽራ ነው የማመጣ። ቤተ ክርስቲያን ያላስገባሽን እኔ ልሸከም?»

«በቅሎዬን ልቀቃት!»

አልለቀቀም። እሷ ስንቋን እንደያዘች፣ ከብቱ በረሃቡ ያለቀበት ወንድሟ አምባቸው ቤት ገባች።

አብዮቱ መሬት አደለ፤ ቸኮል የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በስብሰባ መሀል ክንዱን አንስቶ «ሴቶች ከጭቆና ነፃ ይውጡ!» ሲል፣ ይርገዱ ከኋላ ተነሳች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ በቅሎዬ ነፃ ትውጣ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቸኮል በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት አፍሮ በቅሎዋን መለሰላት።

አምባቸው እየደገፈ ደሴ አደረሳት። የደሴው ሐኪም መርምሯት ራሱን ነቀነቀ።

«ተሰራጭቷል። እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠሽ?»

«በቅሎዬ ሰርግ ሄዳ ነበር» አለችው።

ዛሬ ይህ በሽታ በአብዛኛው በግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ እንደሚነሳ ታውቋል። ያኔ መርገም ያላችሁት ከባሏ መኝታ የመጣ ነው፤ ስሙ!

ይርገዱ ያን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለፈችው በቃሬዛ ነው። ከፊት የተሸከማት ቸኮል ነበር። «ደግ ሴት ነበረች» እያለ አለቀሰ። ለቀስተኛውም እሱን አጽናና።