አያቴ ያስቆሙት ማሲንቆ

አያቴ በድለውኛል። ሞተዋል ብዬ አልሸፋፍንም። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ስለሆነ እስካሁን አልጻፍኩትም እንጂ አልረሳሁትም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ለመስማት ስመኘው የኖርኩት የሞጣ አዝማሪ ቢቸና ገበያ መጣ። ለምኜ ቤት አስገባሁት። ማሲንቆውን ገና ሲቃኝ አያቴ ጀመሩ።

«አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

እንግዳ ሁሉ ዘሩን ሳይቆጥር አይለቁትም ነበር። እሱም ቆጠረ፤ ስድስት ቤት ላይ ዘመዳቸው ሆኖ ተገኘ።

«በል አስቀምጠው፤ አንተ እዚህ ቤት ትበላለህ እንጂ አትዘፍንም።»

«እማማ፣ አንድ ብቻ ይበልልኝ» አልኩ።

«የገዛ ዘመድህን ልታስለፈልፈው ነው? አታፍርም?»

ሰውየው ጠግቦ በላና ተኛ። ጠዋት ሄደ።

አያቴ ሲሞቱ ማንም ሳይጠራው ከሞጣ መጣ፤ ዘመድ ነኝ ብሎ ከእኛ ጋር ሐዘን ተቀመጠ። ተስካራቸው ላይ ማሲንቆውን አወጣና እያለቀሰ እስኪመሽ ድረስ ሙሾ አወረደ። እኔ ግን አንዱንም በቅጡ አልሰማሁም፤ አሁን ያስቆሙታል፣ አሁን ያስቆሙታል እያልኩ መደባቸውን ሳይ ዋልኩ። የሚያስቆመው አልነበረም።

ክሴን የተውኩት በዚያው ቀን ነው፤ በ1964 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል።