ደሚቱና የበሱፍቃድ ዘፈን

ደሚቱ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ ያመጡላትን ሁሉ። በወጣትነቷ የ«ሰማያዊ ዋሽንት» ባንድ ድምፃዊ የበሱፍቃድ ሚስት እንደነበረች የሚያውቁ ጥቂት ናቸው። ባንዱ ሲበተን በሱፍቃድ ዱባይ ሆቴል ሊዘፍን ሄደ። «ቶሎ አስመጣሻለሁ» ብሏት ነበር። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ ተወው። ማግባቱን ከሰው ሰማች። እሷ ሌላ አላገባችም።

ዘንድሮ በሱፍቃድ ከዱባይ ተመልሶ፣ ያረጁት የባንዱ አባላት ተሰባስበው አዲስ ዘፈን አወጡ። ታክሲው፣ ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ ሌላ ዘፈን የለውም፦

«መብራቱን አጥፍተሽ፣ ቁልፉን ይዘሽ ሄድሽ፣
ጨለማውን ለኔ ማን ተይለት አለሽ?»

ደሚቱ መጀመሪያ የሰማችው ከሜክሲኮ አደባባይ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ድምፁን ወዲያው ለየችው። መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

ታሪኳን ለምታውቀው ለጎረቤቷ፣ ለቅመም ሻጯ ሀያት፣ «ውሸታም ነው!» አለቻት። «እኔ ነኝ እንዴ የሄድኩት?»

«ቢሆንም እሱ አንቺን አልረሳሽም ማለት ነው» አለች ሀያት።

ይህ ነገር ደሚቱ ልብ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ትናደዳለች፤ ንዴቱ ግን ደስ ይላታል። ሽበቷን እንኳ ሂና ተቀባች።

ባንዱ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ከአድናቂዎቹ ጋር ሊገናኝ ነው ሲባል ሄዳ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ በሱፍቃድ ቀና ብሎ አያት፤ ትንሽ ቆይቶ ነው ያወቃት።

«ደሚቱ! አለሽ?»

«ለምን ዋሸህብኝ? ቁልፍ ይዤ የሄድኩት መቼ ነው?»

ግራ ገባው። ሲገባው ደግሞ አዘነላት።

«ውይ ደሚቱዬ፣ ስላንቺ አይደለም እኮ። የልጆቼ እናት ናት፤ አምና ጥላኝ ሄደች። እሷን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። የኛማ ነገር… ስንት ዘመኑ!»

ከኋላ የቆመች ወጣት ስልኳን እያዘጋጀች፣ «እማማ፣ ከጨረሱ ፎቶ ልነሳ» አለቻት። ደሚቱ ዞር አለችላት።

በእግሯ ተመለሰች። ሀያት ከሱቋ ደጃፍ ወጥታ ጠበቀቻት።

«እሺ፣ ምን አለሽ?»

«ይቅርታ ጠየቀኝ።»

ሀያት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ፤ ሴቶቹ እየመጡ «እንኳን እውነትሽ ወጣልሽ» አሏት። ሁሉንም «አሜን» እያለች ሸኘች።

ብዙም ሳትቆይ ደሚቱ የምትሰፋበትን ሱቅ ለቀቀች። አሁን የምትሰፋው ቤቷ ሆና ነው። ሀያት ስትጠይቃት ወገቤን ነው ትላለች። ድሮ በወሩ መባቻ ልደታን ሳትሳለም አትውልም ነበር፤ እሱንም ትታለች። በዚያ ሁሉ ዓመት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በሱፍቃድ እንዲመለስላት፤ አሁን ልደታ ደጅ ብትቆም ምን ብላ እንደምትለምን አታውቅም።