ተራ ቁጥር ስልሳ ሁለት

በዚያን ጊዜ አምቦ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የምኮራበት አንድ ሙያ ነበረኝ፤ ረጅም ድረ ገጽን ከላይ እስከ ታች አንድ ፎቶ ማድረግ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አነሳለሁ፣ ወደ ታች ወርጄ ደግሜ አነሳለሁ፣ ከዚያ ያንዱን ግርጌ በሌላው አናት ደርቤ እቀጥላለሁ። መጋጠሚያው ፈጽሞ አይታይም። ኮኔክሽን ሲመጣና ሲሄድ በሚውልበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የቤቱ ባለቤት "እጇ ወርቅ ነው" ሲል እኔም አምኜ ነበር።

አንድ ሰኞ ከካቺሲ የመጡ አዛውንት ገበሬ ገቡ። ልጃቸው ወደ የመን ልሻገር ብሎ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው። የተሳፈረባት ጀልባ መስጠሟን ሰምተዋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ የሟቾች ስም ዝርዝር የወጣበትን አድራሻ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷቸዋል።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሳይቆራረጥ ሙሉውን አውጪልኝ። እናቱ በወሬ አታምንም፤ ወረቀቱን ይዤላት ልግባ።"

ገጹ እንደምንም ተከፈተ። ተራ ቁጥር የተሰጠው የእንግሊዝኛ ዝርዝር ነው። ቶሎ ቶሎ አነሳሁ፣ ገጣጠምኩ። ወዲያው ኮኔክሽኑ ሄደ። ግድ አልሰጠኝም፤ ፎቶው እጄ ገብቷል። ከፎቶው ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በየስሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስጨርስ "የለም አባባ! ልጅዎ የለበትም!" ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። እኔም አለቀስኩ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በግድ ቀና አደረግኳቸው። ከዚያ አተምኩት፤ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዤ፣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

በሳምንቱ ተመለሱ። ጉባኤው የምስጋና ጸሎት እንዳደረገላቸው፣ እናትየዋም በግ አሳርዳ ጎረቤት እንዳበላች ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና በወፍራም ጣታቸው አንድ ቦታ ተጫኑ።

"እኔ ፊደሉን አላውቅም። ቁጥር ግን አውቃለሁ። በየቀኑ እያወጣሁ አየዋለሁ። ስልሳ አንድ አለ፣ ስልሳ ሦስት አለ። ስልሳ ሁለት የት ሄደ?"

ክው አልኩ። ስም ስፈልግ ቁጥሮቹን ዞር ብዬም አላየኋቸው። ስደርብ አንድ መስመር ከሥር ቀርቷል፤ በዚያ በምኮራበት መጋጠሚያ።

"ዛሬ ኮኔክሽን የለም" ልላቸው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሌላ ቀን ለምነነው የማይከፈተው ገጽ ግን እዚያው እፊታቸው ቦግ አለ። ወደ ታች ወረድኩ። ስልሳ ሁለት። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ዕድሜው።

ፊቴን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አትሚው" አሉ።

ያቺን አንድ መስመር አተምኩ። መቀሱን ተቀብለውኝ ራሳቸው ቆረጧት። ከዚያ ረጅሙን ወረቀት ወደ እኔ ገፉት።

"ቦታው ላይ አንቺ ለጥፊው። እኔ ብለጥፈው እናቱ አታምነኝም፤ እስካሁን የምታምነው አንቺ 'የለም' ያልሽውን ነው።"

ለጠፍኩት። ይቅርታ እንኳ አላልኳቸውም።