ጃዕፈር እየጾመ ነው

ጃዕፈር አዳማ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ጠሪ ነበር። «ባቱ! አርሲ ነገሌ! ሻሸመኔ!» ሲል ድምፁ የመኪናውን ጥሩምባ ሁሉ አልፎ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። እንጀራው አፉ ነው። ያ አፍ ሲታመምበት ግን ለማንም አልተናገረም።

መጀመሪያ የግራ መንጋጋ ጥርሱ ሲያመው በቀኝ ማኘክ ጀመረ። ቅርንፉድ ወተፈበት፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛ ዋጠ። ሲብስበት ምሳ በቀረበ ቁጥር «ጾመኛ ነኝ» ማለት አመጣ። ማታ ሲያፈጥርም ሾርባ ብቻ ይጠጣና «ሆዴን ከበደኝ» ብሎ ይተኛል። ሚስቱ ዋፊቃ በጣም ደስ አላት። «ባሌ ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረ፤ እንዲያውም ይጨምርበታል፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ሐኪም ዘንድ ያልሄደው በፍርሃት ነው። አባቱ አርሲ ነገሌ ውስጥ እህል ነጋዴ ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን ጥርሳቸውን በጉጠት አስነቀሉ፤ ደሙም አልቆም አለ። የስንዴ ጆንያ ተደግፈው፣ አፋቸውን በጨርቅ ይዘው ልጃቸውን እያዩ ቆዩ። በማግስቱ ተቀበሩ። ጃዕፈር ከዚያ በኋላ የጥርስ ሐኪም ቤት የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ገና ጎረምሳ ሳለ መርፌውን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ወጣ። አሁን ጺሙ ሸብቷል።

አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ሊጠራ ቆሞ አፉ አልከፈት አለው። የሥራ ጓደኛው ጋዲሳ ፊቱን አይቶ ደነገጠ። ጉንጩ አብጦ አገጩና አንገቱ አንድ ሆነዋል።

«ማል ታቴ፣ ጃዕፈር? ምን ሆነህ ነው?»

ጃዕፈር በጣቱ ወደ መንጋጋው ጠቆመ። ጋዲሳ ባጃጅ ላይ ጫነውና ለዋፊቃ ደወለላት። ጃዕፈር ድሮ የሸሸበት የጥርስ ሐኪም ቤት ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ባለሱቁ ከመንገዱ ማዶ ያለ አዲስ የጥርስ ክሊኒክ ጠቆማቸው። ዋፊቃ እየሮጠች በሩ ላይ ደረሰች።

ሐኪሟ ዶክተር እንቁ ትባላለች፤ ወጣት ናት።

«ሕመሙ ከጀመራቸው ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች።

«ትናንት ደህና ነበር» አለች ዋፊቃ ቀድማ። «ጾሞ ነው የዋለው።»

«ምግብስ ይበላሉ?»

«ጾም ያበዛል፣ ዶክተር። ጠንካራ ጾመኛ ነው።»

ጃዕፈር ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጣቱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ፣ አይደለም ለማለት።

«አልጾምኩም» አለ በገጠመ ጥርሱ መሀል። «ማኘክ አቅቶኝ ነው። ካለፈው ረመዳን ወዲህ።»

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ…» ብላ ዋፊቃ ሳትጨርሰው ቀረች።

ዶክተር እንቁ መብራቱን አስጠግታ አየች። አፉ ጣት እንኳ አያስገባም። ምላሱ ከሥር በእብጠቱ ተገፍቶ ላንቃውን ሊነካ ደርሷል። አገጩ ሥር በእጇ ስትጫነው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«ምራቅዎን መዋጥ ይችላሉ?»

በምራቅ የራሰ መሀረቡን አሳያት። የሐኪሟ ፊት ተለወጠ።

«ይሄ እዚህ የሚሠራ አይደለም። እብጠቱ ወደ ጉሮሮዎ እየወረደ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት።»

ጃዕፈር ተነስቶ ወደ በሩ አመራ። ዋፊቃ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው።

«ወዴት ነው?»

«ቤት።»

«ቤት ሄደህ ልትሞትብኝ?»

«አባቴን ስላላየሽ ነው።»

«አላየኋቸውም። አንተን ግን እያየሁህ ነው።»

ሸሚዙን አልለቀቀችም። ዶክተር እንቁ ጓንቷን አውልቃ ቦርሳዋን አነሳችና አብራቸው ባጃጁ ላይ ወጣች። ጀርባውን ደገፍ ሲያደርግ ስለሚታፈን ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ሄደ፤ ትንፋሹ ያፏጫል። ዋፊቃ አንዴ ትቆጣዋለች፣ አንዴ «ያ ረቢ!» ትላለች።

ሆስፒታል አንገቱ ላይ ለትንፋሽ ቀዳዳ ከፈቱለት። አገጩን ከሥር ቀደው መግሉን አወጡ፤ የታመመውን የመንጋጋ ጥርሱንም ነቀሉት። ሲነቃ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ እጁን ወደ ከንፈሩ ሰዶ ደም መኖሩን ማየት ነበር። ዋፊቃ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

አንገቱ ላይ የገባውን ቱቦ በጣቱ አሳያት። እሷም ራሱን ቀስ ብላ ቀና አድርጋ ትራሱን አስተካከለችለት።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የአንገቱ ቀዳዳ ገጠመ፤ ድምፁ ግን ሻከረ። ሐኪሞቹ ጊዜ ይፈልጋል አሉት፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገሩትም። መናኸሪያ ሄዶ «ባቱ!» ብሎ ሞከረ። ሻንጣ የያዘች ሴት አጠገቡ አልፋ ሄደች፤ ዞር ብላም አላየችው። ጥሪውን ጋዲሳ ወሰደው፤ ጃዕፈር የመኪና ጣሪያ ላይ እየወጣ ዕቃ ያስራል። አንዳንድ ቀን ገመዱን እንደያዘ ይፈዛል፤ ከታች «ኧረ ቶሎ በል!» እስኪሉት ድረስ።

ዶክተር እንቁ ሌላም የበሰበሰ ጥርስ እንዳለው ነግራው ነበር። ደጋግማ ደውላለት «እሺ» እያለ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሄደ፤ ዋፊቃን ከጎኑ አስቀምጦ።

«ካመመዎት እጅዎን ያንሱ፤ አቆማለሁ» አለችው ሐኪሟ።

ገና ሳትነካው እጁን አነሳ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ዶክተር እንቁ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና እጁን እስኪያወርድ ጠበቀችው።