የዳሚት መደላድል

የልጄ ሚስት ትናንት የእንጨት ሳጥኑን ስታራግፍ ከታች አንድ ወፍራም የባና፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ቁራጭ አወጣች። ጠርዙ በቆዳ የተሰፋ፣ መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ በቀዳዳው ውስጥ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ይሄንን አይጥ ነው የበላው? ልጣፈው ወይስ ልጣለው?» አለች። ተቀብያት አሸተትኩት። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ አሁንም የላብና የቆዳ ሽታ አለው። «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አልኳት። ለእሷ ከመንገሬ በፊት ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ እዚሁ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ቄስ ነበሩ። የሚያገለግሉት ደብር ከከተማው ወደ ታች የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ግራ ጉልበታቸው ታማሚ ስለነበር በእግር አይሆንላቸውም፤ ቅዳሜ በበቅሎ ወርደው፣ እሑድ ቀድሰው ይመለሱ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያሰጋቸው ነበር፤ መውረድ ያቃታቸው ቀን የደብሩ ሰዎች ሌላ ቄስ እንዳይፈልጉ። ይህን ለማንም አይናገሩም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

በቅሎዋን ዳሚት እንላታለን። ወንድም ስላልነበረኝ እሷን መጫን የእኔ ሥራ ነበር። ከሥር ከባና የተሰፋውን መደላድል አነጥፋለሁ፣ ኮርቻውን አሳርፋለሁ፣ ከላይ በቀይ ክር የተጠለፈውን ግላስ አለብሳለሁ። የቄስ በቅሎ ያለ ግላስ ከቤት አትወጣም፤ ነውር ነው። ግላሱ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል።

የመስቀል ሰሞን ጫንቃዋ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ፀጉሩ ተልጦ አየሁ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ወይ ይቀራሉ፣ ወይ በዚያ ጉልበታቸው በእግር ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ከበደኝ። እንዲለሰልስላት ብዬ አሮጌ ነጠላዬን አጥፌ ከመደላድሉ ሥር ቁስሉ ላይ አኖርኩላት። በሳምንቱ ኮርቻውን ሳነሳ ጀርባዋ ተሸማቀቀ። የጆንያ ቁራጭ ጨመርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ የበግ ቆዳ። እሷ በተሸማቀቀች ቁጥር እኔ እደርባለሁ።

«ልጄ» አሉኝ አባቴ አንድ ቀን ከላይ ሆነው፣ «በየሳምንቱ ከፍ ከፍ እያልኩ ነው። ሳልሞት ሰማይ ልታደርሺኝ ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ቆመ።

በአራተኛው ቅዳሜ እንደ ልማዴ እስከ ቁልቁለቱ ልሸኛቸው አብሬ ወጣሁ። ፀሐይ ነጩ አቧራ ላይ ታንጸባርቅ ነበር። ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ በጨርቅ ክምር ላይ የተቀመጠው ኮርቻ ተንሸራቶ ወደ ሆዷ ዞረ። አባቴ አቧራው ላይ ወደቁ። ዳሚት አልሸሸችም፤ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ባለችበት ቆመች። ድርቡ ሁሉ ሲገለጥ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቁስሉ መዳፍ አክሏል፤ ነጠላዬ ተጣብቆበታል።

አባቴ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። ጉልበታቸውን አላዩም፤ ጀርባዋን ነው ያዩት።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ከመቼ?»

«ከመስቀል።»

እኔ ኮርቻውን ተሸከምኩ፤ እሳቸው በቅሎዋን እየሳቡ፣ እያነከሱ ወደ ቤት ተመለስን። ያን እሑድ ደብሩ ያለ እሳቸው ቀደሰ።

በማግስቱ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ማጭዱን ይዞ መጣ። በሰፈሩ የከብት በሽታን ሁሉ በጋለ ብረት የሚተኩስ እሱ ነበር። ማጭዱን ፍም ውስጥ ከትቶ ዳሚትን አንገቷን እያሻሸ በኽምጣንጋ ቋንቋ ያባብላት ጀመር። ድምፁ ለሕፃን የሚናገር ይመስል ነበር። የማጭዱ ጫፍ ሲቀላ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ገበያው ዳር ላሞች የሚከትበው የከብት ሐኪም አለ። እባክዎ፣ አስቀድመን ለእሱ እናሳያት።»

«ለበቅሎ ሐኪም?» አለ አጎቴ። «እንግዲያማ መነጽርም ይግዙላት!»

አባቴ ማጭዱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «ይቀዝቅዝ» አሉ። «ካስፈለገ ነገም ይግላል።»

ብንጠራው ቤት ድረስ የመጣው ሐኪም የሌላ አገር ቀጭን ሰው ነበር። ቁስሉን በሞቀ የጨው ውሃ አጥቦ፣ ዙሪያውን ፀጉሯን ከርክሞ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ቀባው። ከዚያ የድርቡን ክምር በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ማነው ይሄን ሁሉ የከመረባት?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አዝነሽላት?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እግርሽ ቢቆስል፣ በጠባብ ጫማ ውስጥ ጨርቅ ብትጠቀጥቂበት ይሻልሻል?»

«ይብሰኛል።»

«በይ፣ እሷም እንደዚያው ናት» አለኝ፤ አልተቆጣም። በቁስሉ ዳርቻ ዙሪያ አመድ ነሰነሰና መደላድሉን ጫን አድርጎ አነሣው። አመዱ ባናው ላይ ክብ ሆኖ ታተመ። ክቡን ሰፋ አድርጎ በመቀስ ቆረጠው። «ስትድን ይሄንን አድርጉላት፤ ቦታውን ምንም አይነካውም። እስከዚያ ግን አንድ ወር ሙሉ ኮርቻ እንዳያርፍባት።»

«የደብሩ ንግሥ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉ አባቴ።

«እንግዲህ አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ።»

አባቴ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ስንት ዓመት ተሸክማኛለች» አሉ። «አንድ ጊዜ ብሄድላት ምን አለበት።»

የመሐሉን እሑዶች ቀሩ፤ ለንግሡ ግን በዋዜማው ዋዜማ፣ ገና ሳይሞቅ ተነሣን። ቀኝ እጃቸው ላይ መቋሚያቸው፣ ግራ እጃቸው ትከሻዬ ላይ። በየጥላው እያረፍን ወረድን። ቁልቁለቱ ሲብስ የእጃቸው ክብደት ይጨምራል፤ ያንጊዜ እኔም እርምጃዬን አሳጥራለሁ። ስለ ነጠላው ነገር አንሥተው አልወቀሱኝም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ «ሌላ ጊዜ ንገሪኝ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

ደብሩ ስንደርስ ሰዉ ከበበን። «አባ፣ ምነው በእግር? በቅሎዋ ምን ሆነች?»

«የሕመም ፈቃድ ላይ ናት» አሉ። «አስተማሪ ብቻ ነው እንዴ የሚታመመው?»

ሳቁ። ውሃ አምጥተው እግራቸውን አጠቡላቸው። ሌላ ቄስ ስለ መፈለግ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ዳሚት ዳነች። ቁስሉ በነበረበት ቦታ ነጭ ፀጉር በቀለ። አጎቴ ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመና፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ፣ «ያንን የቀዳዳውን ነገር ለአህያዬም አሳዪኝማ» አለኝ። አባቴ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ኮርቻ ሳይጫን በፊት መደላድሉን ራሳቸው ያነጥፉ ነበር። መዳፋቸውን በቀዳዳው አሳልፈው ነጩን ፀጉር ይነኩና «አለሽ?» ይሏታል። ጆሮዋን ታዞራለች።

ዛሬ ወደዚያ ደብር መኪና ይወርዳል። በገበያ ቀን ጀርባቸው ያንን ወይን ጠጅ መድኃኒት የተቀባ አህዮች በደጃችን ሲያልፉ ግን ሥራዬን አቁሜ አያቸዋለሁ።

«እማዬ፣ ታዲያ ልጣፈው?» አለች የልጄ ሚስት እንደገና።

«ተይው፣ አይጣፍም።»

ባናውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ መዳፌን በቀዳዳው አሳለፍኩ። የአባቴ እጅ ልክ ይሞላው ነበር። የእኔ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ክፍተት ይተርፋል።